የእትዬ ምላጭ ቅጠል

ከረባትን እንደማልወደው ከመጀመሪያው ልናገር፣ በኋላ "አዳልቷል" እንዳትሉኝ። አዳልቻለሁ። ያ ትምህርት ቤት ውስጥ ሃያ አንድ ዓመት ዕቃ ግምጃ ቤት ስጠብቅ ብዙ የክፍል ኃላፊ መጥቶ ሲሄድ አይቻለሁ። ሰላም ሳይለኝ ዕቃ የሚያዘኝ ግን የባዮሎጂው ክፍል ኃላፊ ብቻ ነበር። በሙቀትም በብርድም ያን ቀይ ከረባቱን አንጠልጥሎ በመስኮቴ ብቅ ይልና "ጠመኔ!" ይላል። "ጓንት!" ይላል። ተማሪዎቹ ከረባት ያሉት እኔ ሳልነግራቸው ነው፤ ብነግራቸውም አይቆጨኝም ነበር።

የምተርክላችሁ ግን የእትዬ ምላጭን ነው። እሷንም እንዲህ ያሏት ተማሪዎቹ ናቸው። የባዮሎጂ ላቦራቶሪ ረዳት ነበረች። ቅጠሉን ለሁለት በተሰነጠቀ ካሮት መሃል ታቆምና በጢም መላጫ ምላጭ ትቆርጠዋለች፤ ቁራጩ ከመሳሳቱ የተነሣ መስታወቱ ላይ መኖሩን ለማወቅ ዓይን ማጥበብ ያስፈልጋል። ምላሷም ከምላጩ ብዙ አይርቅም ነበር።

ትምህርት ቤቱ የገባችው በሃያ ሁለት ዓመቷ፣ ወለል ለመጥረግ ነው። ባሏ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ አንድ ቀን እንደወጣ በአደጋ ሞተ። እሷ የስምንት ወር ሴት ልጅ ታቅፋ ቀረች። ያኔ የነበሩት ሽማግሌው የባዮሎጂ መምህር እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀምሮ ስለነበር ቅጠል መቁረጥ አቅቷቸዋል። አንድ ቀን ምላጩን ለጠራጊዋ ሰጧትና "እስቲ ሞክሪው፣ ሽንኩርት ትከትፊ የለ?" አሏት። ሞከረችው። ሽንኩርት መክተፍ እንዳልሆነ እስኪገባት ድረስ ሦስት ጣቷ ቆሰለ፤ በዓመቱ ግን እንደ እሷ የሚቆርጥ መምህር እንኳ አልነበረም። ሽማግሌው ለምነው፣ ደጅ ጠንተው፣ ከሁለት ርእሰ መምህር ጋር ተጣልተው የላቦራቶሪ ረዳት አስደረጓት። እሷም የማታ ትምህርቷን ጨረሰች።

ሽማግሌው ጡረታ ሊወጡ ሲሉ "ክፍሉ ውስጥ የሚሰቀል አንድ ትልቅ የክሎሮፕላስት ሥዕል ሥሪልኝ" አሏት። አሥራ አንድ ወር ፈጀባት። የውኃ ውስጥ አረም ቅጠል ማይክሮስኮፕ ሥር ታደርግና አንዴ እዚያ፣ አንዴ ወረቀቱ ላይ እያየች ትሥላለች። ሕዋሶቹ እንደ ጡብ ተደርድረዋል፤ በየጡቡ ውስጥ አረንጓዴ ምስር የመሰሉ ቅንጣቶች አሉ። ክሎሮፕላስት የሚባሉት እነሱ ናቸው። የእኛ ማይክሮስኮፕ የቅንጣቷን ሆድ ዕቃ አያሳይም፤ ስለዚህ ሽማግሌው በስንት ልመና ያስመጡትን፣ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሣ ፎቶግራፍ በእጅ ማጉያ እየመረመረች ውስጡን ለብቻው አጉልታ ሣለችው። ዙሪያውን ሁለት ስስ ሽፋን፣ ውስጡ ፈሳሽ፣ ፈሳሹ ውስጥ እንደታጠቡ ሳህኖች የተደራረቡ ክምሮች።

"ብርሃኑን የሚይዙት እነዚህ ሳህኖች ናቸው" ትለኝ ነበር። "አረንጓዴው ቀለም ያለው እዚያ ነው። ስኳሩ የሚሠራው ግን ውጭ፣ ፈሳሹ ውስጥ። ሁለት ክፍል ያለው ወጥ ቤት በለው።"

ሳህኖቹን አንድ በአንድ ቆጥራ ነው የሣለችው። አንድ ጊዜ ቀልድ መስሎኝ "አንድ ሁለት ብትጨምሪ ማን ያውቃል?" አልኳት። ሦስት ቀን ሰላም አላለችኝም።

ሽማግሌው ጡረታ ወጡ፣ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ፣ በቦታቸው ከረባት መጣ። በመጣ በአራተኛው ዓመት ለትምህርት ቤቶች ሁሉ የሚታደል አዲስ የላቦራቶሪ መመሪያ ታተመ፤ የእኛ ድርሻ አራት መቶ ቅጂ በካርቶን መጣ። ካርቶኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። እሷ አጠገቤ ቆማ ነበርና የመጀመሪያውን አንሥታ ገለጠች። ገጽ አርባ አንድ ላይ ሥዕሏ አለ። ከሥሩ "ሥዕል" ይልና የከረባት ስም ከነአባቱ፣ ከነማዕረጉ ተጽፏል።

አልጮኸችም። መጽሐፉን ዘጋችው፣ ገለጠችው፣ እንደገና ዘጋችው። "ምናልባት ሌላው ላይ ትክክል ይሆናል" አለችና ሁለተኛውን አነሣች። ሦስተኛውን አነሣች። አሥራ ሰባት መጽሐፍ ገልጣ ነው ያቆመችው። ያን ቀን ነው ከረባትን በገዛ ከረባቱ ማነቅ ያማረኝ።

ሦስት ጊዜ ጠየቀችው። መጀመሪያ ቢሮው ገብታ፣ በትሕትና። "የማተሚያ ቤት ስህተት ነው፣ ይታረማል" አላት። በወሩ ተመልሳ ስትጠይቀው "በሥራ ሰዓት፣ በትምህርት ቤቱ ወረቀት የሠራሽው አይደል እንዴ? የአንቺ የሚባለው ምኑ ነው?" አላት። ሦስተኛው መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው። ሻይ የያዙ ስድስት መምህራን እየሰሙ "ለመሆኑ የቅጠል በጣሽ ስም መጽሐፍ ላይ ወጥቶ ያውቃል?" አለ። ሁለቱ ሳቁ። የሳቁትን ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ከእኔ እጅ ያልተሰበረ ጠመኔ ወስደው አያውቁም።

እትዬ ምላጭ ያኔ ነው የቆረጠችው። ልጇ አድጋ ልብስ ሰፊ ሆናለች፤ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ አብረው ነው የሚኖሩት፣ አንዱ ለመኝታ፣ አንዱ ለስፌት መኪናው። ልጅቷ የእናቷ ነገር አላምር ሲላት እኔ ዘንድ መጣች።

"ጋሼ፣ እማዬ ጸሎት አቁማለች" አለችኝ። "ለፈጣሪ ተይው ብላት 'ፈጣሪ ሥራ በዝቶበታል፣ ትንሽ ላግዘው' ትለኛለች።"

ሄጄ ጠየቅኋት። "ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባል የለ?" አለችኝ። "ስጨርስ እቀጥላለሁ።"

የምትጨርስበት ቀን ራሱ ከረባት አመጣላት። ከበላይ መሥሪያ ቤት ሦስት ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው፣ የተሻለ ላቦራቶሪ ያለው ኃላፊ የትምህርት ቤቶች ሁሉ የሳይንስ አስተባባሪ ይሆናል ተባለ። ከረባት አዲስ ነጭ ጋውን ከእኔ ወሰደና እጅጌውን አሳጠረ። እሷን ጠርቶ "ሰኞ ከሰዓት በኋላ የስታርች ሙከራ ራሴ አሳያለሁ። አንቺ ፀሐይ የጠገበ ቅጠል አዘጋጂና ከዚያ ከኋላ ቁሚ" አላት።

ሙከራውን ማንም ተማሪ ያውቀዋል። ክሎሮፕላስት ብርሃን ሲያገኝ ስኳር ይሠራል፣ የተረፈውን ስታርች አድርጎ እዚያው ቅጠሉ ውስጥ ያከማቻል። ቅጠሉን በፈላ ውኃ አለስልሰህ፣ በሞቀ አልኮል አረንጓዴውን አስለቅቀህ አዮዲን ስታንጠባጥብበት ስታርች ያለበት ቦታ ይጠቁራል። ስታርች የሌለበት እንደ ነጣ ይቀራል።

ዓርብ ከሥራ መውጫ ላይ ከቤቷ መስኮት ያነሣችውን የጄራኒየም ተክል ከነቆርቆሮው ታቅፋ ግምጃ ቤቴ ገባች። "እስከ ሰኞ ጨለማ ውስጥ ታስቀምጥልኛለህ" አለች።

"ፀሐይ የጠገበ አይደል ያለሽ ሰውየው?"

"መጀመሪያ ይራብ። ያለውን ስታርች በልቶ ይጨርስ። ባዶ ሆድ ቅጠል ነው የምፈልገው።"

ከቦርሳዋ የፎቶግራፍ ወረቀት የሚጠቀለልበትን ጥቁር ወረቀት አወጣች። በምላጭ ሁለት ፊደል ተበስቶበታል። ወደ መብራቱ አንሥቼ አነበብኩት። ሌባ ይላል።

"እትዬ፣ ያባርሩሻል" አልኳት።

"ያባርሩኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።"

እንግዲህ እኔም ሰው ነኝ፤ ደስ አለኝ። ተክሉን ከአሮጌ ወንበሮቹ ኋላ አስቀምጬ ብርድ ልብስ ጣልኩበት። ሰኞ ፀሐይ ስትወጣ አወጣነው። ትልቁን ቅጠል መርጣ ጥቁሩን ወረቀት ከላይ፣ ሌላ ድፍን ወረቀት ከታች አድርጋ በወረቀት መያዣ ሽቦ አጣበቀችው። ሰባት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆየ። በኋላ ወረቀቱን ስታነሣው ቅጠሉ እንደ ማንኛውም ቅጠል አረንጓዴ ነው፣ አንድ ጭረት አይታይበትም። "ምንም የለውም እኮ" ብላት "አለው። እሱ ራሱ ያነበዋል" አለች።

ሦስቱ ተቆጣጣሪዎች ፊት ለፊት፣ ተማሪዎቹ ከኋላቸው ተቀመጡ። አለቃቸው መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ቀጭን ሴትዮ ነበሩ። ከረባት ቅጠሉን ቀቀለ፣ አልኮል ውስጥ ከተተ፤ አረንጓዴው ሲለቅ ስለ ክሎሮፕላስት ጥቅም እንደ ሰባኪ ድምፁን ከፍ ዝቅ አደረገ። የነጣውን ቅጠል ነጭ ሳህን ላይ ዘረጋው። አዮዲኑን አንጠባጠበ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ።

መጀመሪያ "ሌ" ጠቆረ። ከዚያ "ባ"። እጁ ከነማንጠባጠቢያው አየር ላይ ቀረ። ከተማሪዎቹ አንዷ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ሳቅ ተነሣ። ፊቱ እንደ ቅጠሉ ነጣ። በሕይወቴ ያን ያህል የጣፈጠኝ ነገር የለም፤ ምን ያደርጋል፣ አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆየም።

"አያችሁ!" አለ ከረባት በግድ እየሳቀ። "ተማሪ እንዳይረሳው ብዬ ያዘጋጀሁት ነው። ቅጠል ሌባ ነው፣ ከፀሐይ ብርሃን ይሰርቃል! ብርሃን የነካው ቦታ ብቻ ጠቆረ፣ የተሸፈነው ባዶ ቀረ!"

አጨበጨቡለት። ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል የተባለው እውነት ነው፤ ሰውየው ስድቡንም ሰረቃት። እትዬ ምላጭን አየኋት። የጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጇ ይዛ፣ ከንፈሯ ደም እስኪመስል ነክሳዋለች።

"ዘዴው የማን ነው?" አሉ የተቆጣጣሪዎቹ አለቃ።

"የራሴ ነው።"

"ግሩም ነው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንመለሳለን። ያን ቀን 'ብርሃን' የሚል ቃል አውጡልን። አሠራሩን ጽፈን ለሌሎቹ እናድላለን።"

ማክሰኞ ከሥራ መልስ የልጅቷን የስፌት መኪና ቀበቶ ልቀይርላት እነሱ ቤት ነበርኩ። በሩ ተንኳኳ። ከረባት ነው፣ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ።

"እትዬ፣ እንደምን አመሹ?" አለ። በአራት ዓመት አንቱ ብሏት የማያውቅ ሰው! "ለዚያ ለሰኞው ነገር እኔ ቂም አልያዝኩም።"

አላየሁትም እንጂ የስፌት መኪናው ራሱ የሳቀ መሰለኝ። እሷ ግን አልሳቀችም። ወንበር ሰጠችው። "በሚቀጥለው እትም ስምዎን እናስገባለን" አለ፤ "ከእኔ ስም ሥር፣ በረዳትነት። ብቻ ያን ነገር እንዴት እንደሚሠራ ያሳዩኝ።"

ቀስ ብላ፣ ለተማሪ እንደምታስረዳው አስረዳችው። "ሐሙስ ጠዋት ተክሉን ፀሐይ ላይ ያውጡት፣ በደንብ ይጥገብ። እኩለ ቀን ሲሆን ወረቀቱን ያልብሱት፣ ከላይም ከታችም። እንግዶቹ ሲመጡ አውልቀው ቅጠሉን ይቁረጡት።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

ከመስኮቷ አንዱን ተክል ታቅፎ ወጣ። በሩ እንደተዘጋ "እትዬ፣ ጨለማውስ?" አልኳት።

"ረሳሁት" አለች። ብርቱካን አንሥታ መላጥ ጀመረች። "ሃያ ስድስት ዓመት ለማንም የተሳሳተ ነገር አስተምሬ አላውቅም ነበር" አለችና የተላጠውን ሳትበላው አስቀመጠችው።

ሐሙስ ከረባት ለጥንቃቄ አራት ቅጠል አዘጋጀ። አራቱንም ቀቀለ፣ አነጣ፣ ዘረጋ። አዮዲኑን ሲያንጠባጥብ አራቱም ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደ ከሰል ጠቆሩ። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ የጠገበ ቅጠል ወረቀቱን ከመልበሱ በፊት ሁለመናው ስታርች ሆኗል፤ ከዚያ በኋላ ምን ቢሸፍኑት ዋጋ የለውም።

"ቃሉ የት ገባ?" አሉ አለቃዋ።

"አዮዲኑ... አዮዲኑ አርጅቷል።"

"ባለፈው ወር ነው የገባው" አልኩ ከበሩ። ማንም አልጠየቀኝም፤ አራት ዓመት ስጠብቀው የነበረ ንግግር ነው።

ከረባት ዞረና ጣቱን እትዬ ምላጭ ላይ ቀሰረ። "እሷ ናት! ሆን ብላ አሳሳተችኝ! እንዲህ አድርግ ያለችኝ እሷ ናት!"

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። አለቃዋ መነጽራቸውን አደረጉ። "ዘዴው የራሴ ነው ብለውን አልነበረም?" አሉት። ወደ እሷ ዞሩ። "እውነት አሳስተሽዋል?"

"አዎ" አለች። "ተክሉ በመጀመሪያ ሁለት ቀን ጨለማ ውስጥ መቆየት አለበት። እሱን ደበቅሁት። ሌባ ብዬ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ገጽ አርባ አንድ ላይ ያለው ሥዕል የእኔ ነው።"

"ውሸት ነው!" አለ ከረባት።

"ውሸት ከሆነ አንድ ነገር ንገረኝ" አለችው፤ አንቱታው ቀርቷል። "ሥዕሉ ላይ ክሎሮፕላስቶቹ የሕዋሱን የጎን ግድግዳ ተጠግተው ቆመዋል። መሃሉ ባዶ ነው። ለምን?"

መጽሐፉን ገልጦ አየው። አየሁት፣ ያን ባዶ መሃል ገና ያን ጊዜ ነው ያየው። "ለ... ለእይታ እንዲያምር ነው" አለ።

"ያን ቀን መብራቱን አብዝቼባቸው ነበር" አለች ለአለቃዋ። "ብርሃን ሲበዛባቸው እንዳይጎዱ ወደ ጎን ሸሽተው በጠርዛቸው ይቆማሉ። ሲቀንስላቸው ይመለሱና ፊታቸውን ይዘረጋሉ። ተሳሳትኩ ብዬ ልቀደው ነበር፤ መምህሬ 'ያየሽውን ነው የሣልሽው' ብለው አስተዉኝ።"

ሴትዮዋ በወሬ የሚያምኑ ሰው አልነበሩም። የውኃ አረሙን አስመጡ፣ ማይክሮስኮፕ ሥር አስደረጉ፣ መብራቱን እስከ መጨረሻው አስከፈቱና ወንበር ስበው ተቀመጡ። አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ሰውየው ጋውኑ ውስጥ ሲያልበው እኔ ደቂቃውን እየቆጠርኩ ነበር። በመጨረሻ ቀና አሉና "ሸሽተዋል" አሉ።

ከረባት ከኃላፊነቱ ወረደ፣ ራቅ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወረ። የማረሚያ ወረቀትም ታትሞ መጣ። አራት መቶውን መጽሐፍ አንድ በአንድ ገልጬ፣ የእሷን ስም ከነአባቷ የያዘውን ወረቀት በእሱ ስም ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሙጫ አልሰሰትኩም።

አለቃዋ ግን ለእሷም አልራሩም። "እያወቀ የተሳሳተ የሚያስተምር ሰው የላቦራቶሪ ቁልፍ አይዝም" ብለው ጻፉ። እትዬ ምላጭ ጡረታ እስክትወጣ መዝገብ ቤት ተመደበች፤ ማይክሮስኮፕ የሌለበት፣ መስኮቱ ግድግዳ የሚያይ ክፍል። ደብዳቤውን ስታነብ አለቀሰች። ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ቁልፉን ልታስረክበኝ የመጣች ዕለት ከረባትም ጋውኑን ሊመልስ መጣ። መስኮቴ ላይ ተገጣጠሙ። ጋውኑን ጠቅልሎ አስቀመጠና እጇ ላይ ያለውን ቁልፍ አየ።

"ስምሽን አገኘሽ፣ ክፍልሽን አጣሽ" አላት። "ታዲያ ምን አተረፍሽ? ለአንድ ሥዕል!"

"ስሜን ስለወሰድክ አልነበረም" አለችው፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። "አራት ዓመት ሙሉ ማይክሮስኮፑ ከቢሮህ አሥር እርምጃ ላይ ነበር። አንድ ቀን አጎንብሰህ አይተሃቸው ቢሆን ኖሮ ይቅር እልህ ነበር። ሳታያቸው ነው የፈረምክባቸው።"

ሲሄድ ከኋላው አየሁት፤ በሩ ጋ ደርሶ ቆመ፣ ወደ ላቦራቶሪው በኩል አየና አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እውነት ለመናገር ያን ጊዜ ብቻ ትንሽ አሳዘነኝ።

"እውነት ይቅር ትይው ነበር?" አልኳት።

ቁልፉን መስኮቴ ላይ አስቀመጠች። "አልለውም ነበር" አለች። "እሱ ግን እንደዚያ እያሰበ ይኑር።"